ራሱን የቻለ ልጅ በሕግ ፊት፦ ከወላጅ ሥልጣን ነፃ መውጣትና የገንዘብ ማስረጃው



ይህ ዲስኩር የተሰናዳው በሎስ አንጀለስና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስለ ልጆቻቸው መብትና ግዴታ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው እንዲመክሩ አዘጋጆቹ ባቀረቡት ጥሪ መሠረት ሲሆን፣ የተመረጠውም ርዕስ 18 ዓመት ሳይሞላው ከወላጆቹ ሥልጣን በፍርድ ቤት ነፃ ስለሚወጣ ልጅና ይህ ልጅ በገንዘብ ራሱን የቻለ መሆኑን ስለሚያረጋግጥበት መንገድ ነው። ርዕሱ በብዙ ቤት ውስጥ በቁጣ ሰዓት ብቻ የሚነሳ ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ የሰማውን «ኢማንሲፔሽን» የተባለ ቃል እንደ ማስፈራሪያ ይወረውረዋል፣ ወላጅም ቃሉን እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፣ ሁለቱም ግን ሕጉ በትክክል ምን እንደሚል ሳያዩ ተኳርፈው ያድራሉ። በዚህ ምሽት ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ይቀርባሉ፦ መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚልና ምን እንደሚጠይቅ፣ ቀጥሎ የጉዳዩ እምብርት የሆነው የገንዘብ ማስረጃ፣ በመጨረሻም አቤቱታ ከመግባቱ በፊት መታየት ያለባቸው ጉዳዮችና ሌሎቹ አማራጮች። በሦስቱም ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በወላጅና በልጅ መካከል ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለመፍረድ አይቀመጥም፣ የሚመረምረው ልጁ ዛሬ በእውን ራሱን አስተዳድሮ እየኖረ መሆን አለመሆኑን ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ነጥብ ይጀመር። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚባለው በካሊፎርኒያም በኢትዮጵያም ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ይህ ልጅ በወላጆቹ ሥልጣን ሥር ይኖራል ሲባል ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ወላጆች ልጁን የመመገብ፣ የማልበስ፣ መጠለያ የመስጠትና የማሳከም ግዴታ አለባቸው፤ በሌላ በኩል ደግሞ የት እንደሚኖርና የት እንደሚማር የመወሰን፣ በሕክምናው ላይ ፈቃድ የመስጠት፣ ብዙ ሰው ሲሰማው የሚደነቅበትም ልጁ ሠርቶ ያገኘውን ደመወዝ የመቆጣጠር መብት አላቸው። ልጁ በራሱ ስም የተዋዋለውን ውል በአብዛኛው ሊያፈርሰው ስለሚችል፣ አከራይም ሆነ መኪና ሻጭ ከእሱ ጋር ብቻውን ለመፈራረም አይደፍርም። ነፃ መውጣት ማለት እንግዲህ እነዚህን ሁለት ገጾች አንድ ላይ የሚዘጋ ውሳኔ ነው፤ የወላጅ ሥልጣን ሲያበቃ የወላጅ ግዴታም አብሮ ያበቃል፣ ቀለብም ይቆማል። ወጣቶች የሥልጣኑን ማብቃት ብቻ እያዩ የግዴታውን ማብቃት እንዳይዘነጉ በብርቱ ሊነገራቸው ይገባል።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በአሳዳሪና በሞግዚት ሥር እንደሚሆን ይደነግጋል፤ አሳዳሪ የልጁን አካልና አስተዳደግ የሚጠብቅ፣ ሞግዚት ደግሞ በንብረቱና በገንዘቡ ጉዳይ እሱን የሚወክል ነው። በዚሁ ሕግ ልጁ በጋብቻ ምክንያት ከዚህ ሥልጣን ነፃ ይወጣል፣ 14 ዓመት የሞላው ልጅም በፍርድ ቤት ውሳኔ ነፃ ሊወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ስለሚከለክል፣ በ14 ዓመቱ ነፃ የወጣ ልጅ 15 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በደመወዝ ሊተዳደር የሚችልበት መንገድ የለውም። ይህ ክፍተት የሚያሳየው ዕድሜ ብቻውን ጥያቄውን እንደማይመልስ ነው፤ ልጁ ነፃ ከወጣ በኋላ ምን ይበላል፣ የት ያድራል የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባም በሎስ አንጀለስም እኩል ይነሳል።

በካሊፎርኒያ አካለ መጠን ያልደረሰ ሰው ነፃ የሚወጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሕጋዊ ጋብቻ ነው፤ ሁለተኛው በአሜሪካ የጦር ኃይል ውስጥ በሙሉ ጊዜ ማገልገል ነው፤ ሦስተኛውና የዚህ ምሽት ጉዳይ የሆነው በፍርድ ቤት የሚሰጥ ውሳኔ ነው። ለዚህ ውሳኔ አቤቱታ የሚያቀርበው ልጁ ራሱ ነው እንጂ ወላጅ አይደለም፤ ስለዚህ ቀለብ መክፈል የሰለቸው አባት ወይም እናት ልጁን በዚህ መንገድ ከራሱ ላይ ሊያወርድ አይችልም። ልጁ ቢያንስ 14 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ወላጆቹ ፈቅደው ወይም እያወቁ ሳይቃወሙ፣ እሱም በራሱ ፈቃድ፣ ከእነሱ ተለይቶ የሚኖር መሆን አለበት። የገንዘብ ጉዳዩን ራሱ የሚያስተዳድር መሆን አለበት። የገቢው ምንጭም ከወንጀል የመጣ መሆን የለበትም። እነዚህ ሁሉ ቢሟሉ እንኳ ዳኛው ነፃ መውጣቱ የልጁን ጥቅም የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው አቤቱታውን ውድቅ ያደርጋል።

ሕጉ ልጁ ከወላጆቹ ተለይቶ «የሚኖር» መሆን አለበት ይላል እንጂ «ለመኖር የሚፈልግ» አይልም፤ ገንዘቡን «የሚያስተዳድር» ይላል እንጂ «ሊያስተዳድር የሚችል» አይልም። ከዚህ አነጋገር የሚወጣው መሠረታዊ ሐሳብ ውሳኔው አስቀድሞ የተጀመረን ኑሮ የሚያጸና እንጂ አዲስ ኑሮ የሚፈጥር አለመሆኑ ነው። አሁንም በእናቱ ቤት እየበላ፣ ከነፃነቱ በኋላ ሥራ እፈልጋለሁ ብሎ የሚያስብ ልጅ ገና የአቤቱታውን ደጃፍ አልረገጠም ማለት ነው። በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ሁኔታው ይለያያል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ዝቅተኛው ዕድሜ 16 ነው፣ በኒው ዮርክ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ተብሎ የተዘረጋ የአቤቱታ ሥርዓት የለም። ስለዚህ ዘመድ በቨርጂኒያ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ በስልክ የሚሰጠው ምክር እዚህ ላይሠራ ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ የገንዘብ ማስረጃ ነው፤ አድማጮች ከሁሉም በላይ ጆሯቸውን ሊሰጡት የሚገባውም ይኸው ነው። ከአቤቱታው ቅጽ ጋር ኢ.ኤም. 115 የተባለ የገቢና የወጪ መግለጫ አብሮ ይቀርባል። ቅጹ ልጁ የት እንደሚሠራና በወር ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለመብራትና ለውሃ፣ ለትራንስፖርት፣ ለስልክ፣ ለሕክምናና ለልብስ ምን ያህል እንደሚያወጣ በዝርዝር ያስሞላዋል። የሚፈረመውም በሐሰት ቢሞላ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ታውቆ ነው። ዳኛው በዚህ ቅጽ ላይ የሚያነበው የአንድን ልጅ ወር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ነው፤ ቁጥሮቹ እርስ በእርሳቸው የማይገጥሙ ከሆነ፣ ለምሳሌ የምግብ ወጪ ባዶ ከተተወ፣ ልጁን የሚመግበው ሌላ ሰው እንዳለ ወዲያውኑ ይታያል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት በምግብ ቤት ትሠራለች ይባል። በ2025 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 16 ዶላር ከ50 ሳንቲም ስለነበረ፣ በሳምንት 330 ዶላር፣ በወር ደግሞ በአማካይ 1,430 ዶላር ታገኛለች ማለት ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ፣ ለክፍለ ግዛቱ የአካል ጉዳት መድን ደግሞ ከ1 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ሲቆረጥባት በእጇ የሚገባው ወደ 1,300 ዶላር ይወርዳል። ከዚህ ላይ በጋራ ቤት ውስጥ ላለ አንድ ክፍል 750፣ ለምግብ 280፣ ለአውቶቡስ 70፣ ለስልክ 40፣ ለልብስና ለንጽሕና ዕቃ 60 ዶላር ታወጣለች ቢባል፣ ድምሩ 1,200 ይሆናል። ለቁጠባ የሚተርፋት 100 ዶላር ነው። እነዚህ የወጪ ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ክፍል የፈለገ ሁሉ 750 ዶላር ዕድለኛ ሲኮን ብቻ የሚገኝ ዋጋ መሆኑን ያውቃል። ጥርሷን ያመማት ቀን፣ ወይም አሠሪዋ የሥራ ሰዓቷን ከ20 ወደ 12 የቀነሰባት ሳምንት፣ ያ 100 ዶላር አይበቃም። ልጅቷ በዳኛው ፊት ስትቀርብ የምትጠየቀውም ይኸው ነው፦ ሥራው ቢቋረጥ ምን ታደርጊያለሽ? የተቀመጠ ገንዘብ አለሽ? ብትታመሚ ማን ይከፍላል?

የዕድሜው ጉዳይም እዚሁ ላይ ይመለሳል። ሕጉ በሩን የከፈተው ከ14 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ነገር ግን የ14ና የ15 ዓመት ተማሪ በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ ትምህርት ባለበት ሳምንት በድምሩ ከ18 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ የሠራተኛ ሕግ ይከለክላል። ነፃ የወጣ ልጅም ቢሆን ከዚህ ክልከላ አይወጣም፤ የሚለወጥለት የሥራ ፈቃዱን ያለ ወላጅ ፊርማ መጠየቅ መቻሉ ብቻ ነው። እስከ 18 ዓመቱም የመማር ግዴታ አለበት። በ18 ሰዓት ሥራ የሚገኘው ገንዘብ ከመቆረጡ በፊት በወር 1,290 ዶላር እንኳ አይሞላም። ሕጉ በዕድሜ የከፈተውን በር የሰዓት ገደቡ መልሶ ያጠበዋል፤ ይህን የሚያውቅ ወላጅ ልጁን በቁጣ «ሂድና ራስህን ቻል» ከማለት ይቆጠባል፣ ይህን የሚያውቅ ልጅም በ14 ዓመቱ ቤት ጥሎ ከመውጣት ይቆጠባል።

ማስረጃ የሚባሉት ወረቀቶች ለዚህ አዳራሽ እንግዳ አይደሉም፤ አዋቂ ሰው ቤት ሲከራይ የሚጠየቃቸው ናቸው። ፔይ ስታብ የሚባለው የደመወዝ ወረቀት፣ በልጁ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ስቴትመንት፣ የኪራይ ውል ወይም ከአከራዩ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የተከፈሉ ደረሰኞች፣ በዓመቱ መጨረሻ ከአሠሪ የሚሰጠው ደብልዩ ቱ እና የታክስ ሪተርን ናቸው። ከአንድ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ ሳይቋረጥ የገባና በሥርዓት የወጣ ትንሽ ገንዘብ ሚዛን ይደፋል። ትናንት ከአጎት የተላከ 5,000 ዶላር ልጁ ራሱን እንደቻለ አያሳይም፤ ስምንት ወር በተከታታይ በ15ኛውና በ30ኛው ቀን የገባ ደመወዝ፣ በየወሩ በ1ኛው ቀን የወጣ ኪራይ ግን ያሳያል።

በማኅበረሰቡ ልማድ ውስጥ ያሉ ሦስት ነገሮች በዚህ ላይ ችግር ይፈጥራሉ፤ ሦስቱም ከክፋት የመነጩ አይደሉም። የመጀመሪያው በዘመድ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ እየሠሩ በጥሬ ገንዘብ በእጅ መከፈል ነው። ልጁ በእርግጥ ሠርቷል፣ በእርግጥም ተከፍሎታል፤ ነገር ግን ደመወዙ በወረቀት የለም፣ ግብርም አልተቆረጠበትም፣ ስለዚህ በችሎት ላይ ማስረጃ ሊሆን ቀርቶ አሠሪውን ዘመድ ጭምር ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል። ሁለተኛው እቁብ ነው። በየሳምንቱ 50 ዶላር የሚጥል የ17 ዓመት ወጣት ገንዘብ ማስተዳደርን በደንብ ተምሯል፤ ዳኛው ግን ዳኝነቱን የሚሰጠው በሚያየው ወረቀት ስለሆነ፣ የእቁቡ ሰብሳቢ ወጣቱ የጣለውንና የወጣለትን ገንዘብ ከነቀኑ ዘርዝሮ በፊርማው ቢያረጋግጥለት፣ እቁቡ ሲወጣለትም ወጣቱ ገንዘቡን ሳይውል ሳያድር በባንክ ቢያስገባ መልካም ነው። ሦስተኛው የአክስት ቤት ነው። ከወላጆቿ ተለይታ በአክስቷ ዘንድ የምትኖር ልጅ ኪራይ ክፈይ መባሉ ነውር ሆኖ ስለሚታይ በነፃ ትኖራለች፤ አክስቷም «ልጄ አይደለችም እንዴ፣ ምን ትከፍላለች» ትላለች። ይህ ደግነት ለአቤቱታው እንቅፋት ነው፤ ምክንያቱም ልጅቷ ራሷ ሳትሆን ሌላ አዋቂ እያስተዳደራት መሆኑን ያሳያል። አክስቲቱ አነስተኛም ቢሆን እውነተኛ ኪራይ የምትቀበል ከሆነ መጠኑ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ በባንክ ይከፈል፤ የማትቀበል ከሆነም ያው እንዳለ ይጻፍ። ለችሎት ብሎ የሌለ ኪራይ መፍጠር ግን ውሳኔውን ከሥሩ የሚያናጋ ነው፤ በማታለል የተገኘ ነፃነት በኋላ ሊፈርስ እንደሚችል ሕጉ በግልጽ አስቀምጧል።

ወጣቶች ስለዚህ ጉዳይ የሚሰሙት በአብዛኛው ከሆሊዉድ ስለሆነ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ተዋናይቷ ድሩ ባሪሞር በ14 ዓመቷ ነፃ መውጣቷ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እሷ ገና በልጅነቷ በፊልም ሥራ ስሟ የገነነ ስለነበረች፣ የእሷ ታሪክ ለአንድ የምግብ ቤት ሠራተኛ ተማሪ ምሳሌ ሊሆን አይችልም። ይበልጥ የሚጠቅመው የጃኪ ኩገን ታሪክ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በተሠራው ፊልም የታወቀው ይህ ልጅ በልጅነቱ ያገኘው ሀብት በእናቱና በእንጀራ አባቱ እጅ ጠፍቶ፣ በ1938 ከሷቸው ጥቂት ብቻ ተመለሰለት። በጊዜው ሕግ የልጅ ገቢ የወላጅ ነበርና። በእሱ ምክንያት ካሊፎርኒያ በ1939 በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣች፤ በ2000 በሥራ ላይ ከዋለው ማሻሻያ ወዲህም ከልጅ ተዋናይ ገቢ 15 በመቶው በተለየ ሂሳብ ተቀምጦ ይጠበቃል። ከዚህ የምንረዳው የልጅን ገንዘብ ለመጠበቅ ነፃ ማውጣት ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን ነው።

አቤቱታው ከገባ በኋላ ወላጆች እንዲያውቁት ይደረጋል፤ ዳኛው ካልፈቀደ በቀር ይህ አይቀርም። ወላጅ ቀርቦ መቃወም ይችላል። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ከሰጠ ልጁ በስሙ ውል ይዋዋላል፣ ይከስሳል፣ ይከሰሳል፣ ንብረት ይገዛል፣ ኑዛዜ ይናዘዛል፣ ለሕክምናው ራሱ ይፈርማል፣ ነፃ መውጣቱ የተጻፈበት መታወቂያም ከመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ከዲኤምቪ ሊያወጣ ይችላል። መምረጥ ግን አይችልም፣ መጠጥ መግዛትም እስከ 21 ዓመቱ አይፈቀድለትም። አንዳንድ ወላጆች ውሳኔው ልጁን ለማይገቡ ነገሮች ሁሉ የሚለቅ መስሏቸው ይሸበራሉ፤ እንዲህ አይደለም።

ውሳኔው ሊሻርም ይችላል። ነፃ የወጣው ልጅ ተቸግሮ የሚተዳደርበት ሲያጣ እሱ ራሱ ወይም ሌላ ሕጉ የፈቀደለት ወገን ይሻርልኝ ብሎ ሊያመለክት ይችላል፤ ሲሻርም ወደ ወላጅ ኃላፊነት ይመለሳል። ነገር ግን ነፃ በነበረበት ጊዜ የገባበት ውልና ያፈራው ንብረት በመሻሩ አይለወጡም። በ16 ዓመቱ የፈረመው የመኪና ብድር በ17 ዓመቱ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ተከትሎት ይመጣል፤ ወላጆቹም ይህን ዕዳ የመክፈል ግዴታ የለባቸውም።

ሦስተኛው ነጥብ ከአቤቱታው በፊት መታየት ያለባቸውን ነገሮች ይመለከታል። ከእነዚህ ውስጥ ስደተኛ ቤተሰብን በተለየ የሚነካው የዜግነት ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ ተደርጎ ሊታይ ይገባል። በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው አባቱ ወይም እናቱ የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑና ልጁ በዚያ ዜጋ ወላጅ ሕጋዊና አካላዊ ጥበቃ ሥር ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ከሆነ፣ ያለ ተጨማሪ ማመልከቻ እሱም ዜጋ ይሆናል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ዜጋ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ከወላጅ ሥልጣን ነፃ የወጣ ልጅ ግን በወላጁ ሕጋዊ ጥበቃ ሥር ነው ለማለት ያስቸግራል። እናቱ የዜግነት መሐላዋን ልትፈጽም ጥቂት ወራት ሲቀሯት የ16 ዓመት ልጇ ነፃ ቢወጣ፣ በራሱ ይመጣለት የነበረውን ዜግነት ሊያጣና 18 ዓመት ሲሞላው በራሱ ማመልከቻ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ገና ዜጋ ያልሆነበት ማንኛውም ቤተሰብ የቤተሰብ ሕግ ጠበቃ ብቻ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ሳያማክር ይህን እርምጃ መውሰድ የለበትም።

ሌላው የኮሌጅ ገንዘብ ነው። ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ላይ፣ 24 ዓመት ያልሞላው ተማሪ በራሱ ገንዘብ መኖሩ ብቻ ከወላጆቹ ገቢ ነፃ አያደርገውም፤ ቤት ተከራይቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ወላጆቹ ሳንቲም ሳይሰጡት እንኳ የወላጆቹ ገቢ ይጠየቃል። ከዚህ ደንብ ከሚወጡት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ በፍርድ ቤት ነፃ መውጣት ነው። ይህም አንዳንድ ቤተሰቦችን ለኮሌጅ ዕርዳታ ብቻ ብለው ልጃቸውን ነፃ ለማስወጣት እንዲያስቡ ይገፋፋቸዋል። ሐሳቡ የሚያዋጣ አይደለም፤ በእናቱ ቤት እየኖረ ተለይቶ ይኖራል የተባለ ልጅ አቤቱታው ሐሰት ነው፣ ፊርማውም የእሱ ነው፣ ተጠያቂውም እሱ ይሆናል። የጤና መድንን በተመለከተ ደግሞ የወላጅ መድን ልጅን እስከ 26 ዓመቱ ሊሸፍን እንደሚችል ቢታወቅም፣ ነፃ ለወጣ ልጅ ይህን መክፈል የወላጅ ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይሆንም።

በመጨረሻም ስለ ሌሎቹ አማራጮች ጥቂት ይነገር፤ ምክንያቱም ቤቱ የጠበበው ልጅ ሁሉ ነፃ መውጣት አያስፈልገውም። የሚደበደብ ወይም የሚበደል ልጅ የደመወዝ ወረቀት እስኪያጠራቅም መጠበቅ የለበትም፤ ለመምህሩ ወይም ለሐኪሙ ቢናገር እነሱ ለሕፃናት ጥበቃ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው፣ ጉዳዩም ልጁ የገንዘብ ማስረጃ በማይጠየቅበት ችሎት ይታያል። ከወላጅ ጋር ያልተስማማ ነገር ግን ዘመድ ያለው ልጅ ዘመዱ በፍርድ ቤት አሳዳሪ ሆኖ ሊሾምለት ይችላል። 15 ዓመት የሞላውና ከወላጆቹ ተለይቶ ገንዘቡን ራሱ የሚያስተዳድር ልጅ ደግሞ፣ ምንም ዓይነት የነፃነት ውሳኔ ሳያወጣ፣ ለሕክምናና ለጥርስ ሕክምናው ራሱ መፈረም እንደሚችል የካሊፎርኒያ የቤተሰብ ሕግ ይፈቅዳል፤ የገቢው ምንጭ ምንም ይሁን ምን አይጠየቅም። ይህን የማያውቁ ልጆች ለአንድ የሐኪም ፊርማ ሲሉ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያስባሉ።

ለአክስትና ለአጎት ቤት ከሁሉ የሚቀርበው አማራጭ ግን ልጁን የሚያሳድገው ሰው የሚሞላው የተንከባካቢ ቃለ መሐላ ነው። ቅጹ ጥቂት ገጽ ነው፣ ለዳኛ አይቀርብም፣ የአቤቱታ ክፍያም የለበትም። ልጁ ከእሷ ጋር የሚኖር አክስት ስሟን፣ አድራሻዋን፣ ከልጁ ጋር ያላትን ዝምድናና ወላጆቹን ለማሳወቅ ያደረገችውን ሙከራ ጽፋ ስትፈርም፣ ልጁን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ማስመዝገብና ለሕክምናው ፈቃድ መስጠት ትችላለች። የወላጆቹ መብት በዚህ አይነካም፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታቸውም ይቀጥላል። ከዚህ ዲስኩር በኋላ ጥያቄ ያላቸው ወላጆችና ወጣቶች በመጀመሪያ የሚኖሩበትን ቤት ሁኔታ፣ የልጁን ዕድሜና የወላጆቹን የኢሚግሬሽን ወረቀት ለይተው ቢያቀርቡ፣ የትኛው መንገድ እንደሚስማማቸው መነጋገር ይቻላል።